ጥንታዊውን ቤት ሲሚንቶ አታልብሱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አዲስ አበባ ታሪካዊ ቤቶች በተጻፈ ቁጥር ክርክሩ «ይፍረስ፣ አይፍረስ» ላይ ይቆማል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ጠንክሯል፤ ሊጠነክርም ይገባዋል። ሆኖም «አይፈርስም» ተብሎ የተረፈው ቤት ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግለት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለዚያ ነው። ዶዘር ያለፋቸውን ቤቶች እድሳት ሲጨርሳቸው እናያለን፤ በእድሳት ስም ከሚመጣባቸው ጉዳት ሁሉ የከፋው ደግሞ የሲሚንቶ ልስን ነው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በነበሩት ዓመታት ቤት የሠሩላት እጆች ከብዙ አገር የመጡ ነበሩ። አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን፣ ሕንዳዊው ወሊ መሐመድ፣ የአራዳ ጊዮርጊስን ሕንፃ የነደፈው ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ፣ የአፄ ምኒልክ መሐንዲስ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በስም ይታወቃሉ። አሠሪዎቹና ባለቤቶቹም የዚያኑ ያህል ልዩ ልዩ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ያቆሙት እቴጌ ጣይቱ፣ መኖሪያቸው ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው ራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል፣ ጉለሌ ላይ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የቤኒ ሻንጉሉ ገዢ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ጭቃውን የረገጡት፣ ምሰሶውን ያቆሙት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ሙያተኞች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ነዳፊው ከየትም ይምጣ፣ የቤቱ ሥጋና አጥንት የዚሁ አገር ነው። ከታች 50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ አለ። ይህ ግድግዳ በሁለት ፊት ተገንብቶ መሐሉ በፍርክስካሽ ድንጋይ የተሞላ ሲሆን፣ ማያያዣው አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ ነው። ላይኛው ፎቅ ቋሚና ማገር ተደርጎበት በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ምሰሶው ጽድ ወይም ወይራ፣ ሳንቃው ዝግባ ወይም ጽድ። በዙሪያው ከሕንዶቹ የመጣው የእንጨት በረንዳ አለ፤ ጫፉ እንደ ጥልፍ የተቀረጸ። ከሁሉ በላይ ቁልቁለቱ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ክፈፉ ከግድግዳው አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ወጣ ያለ። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ያ ቆርቆሮ የመጨረሻውን መንገድ የሚመጣው በእንስሳ ጀርባ ነበር። እንዲህ ተደክሞ የመጣ ዕቃ ለጌጥ ብቻ አልተከደነም። ሰፊው ክፈፍና በረንዳው ለጭቃው ግድግዳ ጃንጥላ ናቸው። በረንዳውን በብሎኬት ዘግተው ክፍል የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ጃንጥላ እያጠፉበት እንደሆነ አይታያቸውም።

አሁን ወደ ሲሚንቶው እንምጣ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል። ይህን የሚያስቆም የውሃ መከላከያ ንጣፍ ከሥሩ የለውም፤ ሲሠራም አልታሰበለትም። የታሰበለት የገባው እርጥበት በጭቃውና በኖራው ቀዳዳዎች በኩል በትነት እንዲወጣ ነው። ቤቱ መቶ ዓመት የቆመው በዚህ መንገድ ነው። ላዩ በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል። ውሃው ከመሬት መሳቡን አይተውም፣ የሚተነው ግን ያንሳል፤ ስለዚህ ከበፊቱ ከፍ እያለ ይወጣል። ቀድሞ ጉልበት ላይ ይቆም የነበረ እርጥበት ወገብ ይደርሳል፣ ከዚያም የላይኛውን ፎቅ የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት ያገኛል። እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ምስጥ ይጠራል። ከውጭ የሚታየው ንጹሕና ጠንካራ ልስን ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከጥንካሬው ይመጣል። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ በሙቀትና በእርጥበት ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶ አብሮት መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ በስንጥቁ ግን አይወጣም። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ልስኑን በጣት መገጣጠሚያ ብታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም፤ የድንጋዩን ፊትና የጭቃውን መገጣጠሚያ ይዞ ነው። ልስኑ እንዲይዝ ተብሎ የዶሮ ሽቦ በምስማር ተመትቶ ከሆነማ ሽቦው ሲዝግ ያብጣል፣ ጥፋቱም ይፈጥናል። በፕላስቲክ ቀለም ወይም በዘይት ቀለም የተቀባ የጭቃ ግድግዳም ዕጣው ተመሳሳይ ነው፤ ቀለሙ ይነፋል፣ ሥሩ ያለው ምርጊት ዱቄት ይሆናል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የጎንደር አብያተ መንግሥት በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በተከናወኑ የጥገና ሥራዎች ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። አገሪቱ ትምህርቱን ጎንደር ላይ ከፍላ ተምራዋለች። አዲስ አበባ ላይ እንደገና የምትከፍልበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውሃው። ከጣሪያና ከመሬት የሚመጣው ውሃ ሳይያዝ ግድግዳ መንካት ገንዘብ መጣል ነው። በአዲስ አበባ ዝናብ ልክ፣ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 120 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ያወርዳል፤ አብዛኛውንም ከሰኔ እስከ መስከረም። አሸንዳው በየሜትሩ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ቆርቆሮው በጎን አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሞገድ፣ በቁመት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ምስማሩ በሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታ፤ ሸለቆው ላይ የተመታ ምስማር ቀዳዳው የውሃ መንገድ ላይ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ሲገባ ክፈፉን ለማሳጠር የሚደረግ ቁጠባ ትልቅ ስህተት ነው፤ ከክፈፉ 40 ሳንቲ ሜትር የተቀነሰበት የጭቃ ግድግዳ በጥቂት ክረምት ይታጠባል።

መሬቱ ሌላ ጣጣ አለው። አስፋልት በአስፋልት ላይ፣ ኮብልስቶን በአስፋልት ላይ ሲነጠፍ የከተማው መንገድ ከፍ ብሏል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ዛሬ ከመንገዱ በታች ናቸው። ከቤቱ ወለል ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ መሬት በዙሪያው መኖር አለበት። ከሌለ አፈሩ ይነሳ። ከዚያ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ቦይ ይቆፈርና ጠጠር ይሞላ፣ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መውጫው ይሂድ። የቦዩ ጥልቀት ከመሠረቱ ግርጌ በታች አይውረድ። ቁፋሮውም በክፍል በክፍል፣ ከሦስት ሜትር ያልበለጠ እየተከፈተና እየተሞላ ይሁን። ሙሉውን ጎን በአንድ ቀን የከፈተ ሰው መሠረቱን ያናጋል። ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሲሚንቶ ንጣፍ ማፍሰስ ደግሞ ንጽሕና ይመስላል እንጂ እርጥበቱን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል።

የሲሚንቶውን ልስን ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ካሬ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ይሞከር፤ በትንሽ መሮና መዶሻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ባዶ ድምፅ ከሚሰጠው ቦታ ተጀምሮ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ መደብደብ መሐሉን የሞላውን ፍርክስካሽ ያወርደዋል። ሲሚንቶው የድንጋዩን ፊት ይዞ የሚነሳ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ይተው። ከተነሳ በኋላ ግድግዳው ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ራቁቱን ይድረቅ። አሠሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ የ60 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ በሁለት ሳምንት አይደርቅም።

ኖራው የሥራው ልብ ስለሆነ በዝርዝር እንናገር። ያልጠፋ ኖራ፣ ማለትም ተቃጥሎ ገና ውሃ ያልነካው፣ ሲጠፋ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ ኖራ ላይ ማፍሰስ ፈንጥቆ ዓይን ያጠፋል። ሲፈላ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። የጠፋው ኖራ በወንፊት ተጠልሎ ጉድጓድ ወይም በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ምንጊዜም ላዩ ላይ ውሃ ይኑር። ሦስት ወር ሲቆይ ቅቤ የመሰለ የኖራ ሊጥ ይሆናል። ካልበሰለ ያልጠፉ ቅንጣቶች ውስጡ ይቀራሉ፤ ግድግዳ ላይ ከወጡ በኋላ እርጥበት ሲያገኙ ያብጡና ልስኑን እንደ ፈንጣጣ ይበሱታል። «ኖራ አይረባም» የሚለው ስም የወጣለት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በከረጢት የሚሸጠውን ዱቄት ኖራ የሚጠቀም ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በውሃ ዘፍዝፎ ያሳድረው።

ልኬቱ አንድ እጅ የኖራ ሊጥ ለሦስት እጅ የታጠበና ሸካራ አሸዋ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ በጠቅላላው ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ሁለት ሜትር ኩብ አሸዋና ሁለት ሦስተኛ ሜትር ኩብ የኖራ ሊጥ ያስፈልጋል። ያን ሊጥ ለማግኘት 300 ኪሎ ገደማ ጥሩ ያልጠፋ ኖራ ይበቃል፤ ለብክነት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ይጨመር። እርጥበት የማይለቀው የግድግዳ ግርጌ ላይ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ከአሸዋው ጋር ቢቀላቀል ኖራው በእርጥበትም ውስጥ ይጠነክራል። «ትንሽ ሲሚንቶ ብጨምርስ?» የሚለው ፈተና ሁልጊዜ ይመጣል። ትንሽ ሲሚንቶ የተጨመረበት ኖራ የሁለቱንም ጥቅም ያጣል፤ አይጨመር።

ግድግዳው በብሩሽ ይርጠብ፣ ውሃ እንዳይወርድበት ግን። እያንዳንዱ ድርብ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የመጀመሪያው ጠንከር ሲል ቀጣዩ እንዲይዝ ይጫር። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ተሰቅሎበት ለአንድ ሳምንት ያህል ከፀሐይ ይጠበቅ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለዚያም እርጥበት ይፈልጋል። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በአንድ ቀን የደረቀ ልስን በእጅ ሲዳሰስ ይረግፋል። ለቅቡ የኖራ ሊጡ እንደ ወተት ቀጥኖ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይቀባ፣ በየመሐሉ አንድ ቀን እየቆየ። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው ቅቡ ተላጦ ያገኘዋል።

በጭቃ የተመረገው ፎቅ ከዚህ ይቀላል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይቡካ። ትንሽ ጭቃ ተለስኖ ሲደርቅ ቢሰነጠቅ ሸክላው በዝቷል፣ በጣት ሲታሽ ቢረግፍ አሸዋው በዝቷል። የተጎዳው ቦታ ብቻ ይነሳ፤ ጤነኛውን ምርጊት ማውረድ አያስፈልግም። ለማጠናቀቂያው ጭቃው ላይ እበት ቢቀላቀል ስንጥቅ ይቀንሳል፣ ከዚያ የኖራ ቅብ።

እንጨት ላይ የሚታየው ስህተት የበሰበሰ ግርጌ ያለውን ምሰሶ እንዳለ አውጥቶ በጥሬ ባሕር ዛፍ መተካት ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ካልታከመም ምስጥ ይበላዋል፤ ጽድ ግን ከላይ መቶ ዓመት ሳይነካ ቆሞ ግርጌው ብቻ የጠፋ ይሆናል። የጠፋው ተቆርጦ በአሮጌ ጽድ ይቀጠል። የመቀጠያው ርዝመት ከምሰሶው ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን፣ እግሩም አፈር ውስጥ ሳይገባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። የበረንዳው ጥልፍ ሳንቃ ሲወርድ እያንዳንዱ ቁጥር ይለጠፍበት፣ ፎቶ ይነሳ፤ አንዱ ናሙና ሆኖ ሳይቀባ ይቀመጥ። ከአቡጀዴ ኮርኒስ በላይ በተራቆተ ሽቦ የተዘረጋ መብራት ካለ ከሁሉ በፊት ይቆረጥ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ምን ያህል እንደተጎዳ ሁላችንም አይተናል። ደረቅ ጽድ አንዴ ከተያያዘ የሚደርስለት የለም።

ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ሲገኝ ብዙ መሐንዲሶች ላዩ ላይ የአርማታ ቀለበት ያዝዛሉ። ሐሳቡ ከመሬት መንቀጥቀጥ ለመከላከል ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ትእዛዙ በዝቷል። ነገር ግን ከባድና ግትር አርማታ በለስላሳ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲቀመጥ፣ ሲናወጥ ሥሩ ያለውን ድንጋይ ያፈርሰዋል። የተሻለው መንገድ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ማሰሪያ ድንጋይ በየሜትሩ ማስገባት፣ ግድግዳውን በወገቡና በአናቱ በእንጨት መቀነት ማሰር፣ ወለሉን ከመቀነቱ ጋር ማያያዝ ነው። የድሮዎቹ አናጢዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ በደንብ የተሠሩት ቤቶች ውስጥ መቀነቱ ተቀብሮ ይገኛል።

ሲሚንቶን በጅምላ የምንቃወም እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በ1950ዎቹ የተሠሩት ሌላ ዘር ናቸው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽና ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኦንሪ ሾሜት የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ ዛልማን ኤናቭና ሚካኤል ቴዎድሮስ የነደፉት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የአርማታ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ ሲሚንቶ ባዕድ አይደለም። የእነሱ በሽታ ፌሮው ነው። ከላዩ ያለው አርማታ ስስ ከሆነ እርጥበትና አየር ገብቶ ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገቱ ከብረቱ ይበልጥ ቦታ ይፈልጋልና አርማታውን ይሰነጥቀዋል። መድኃኒቱ ከፌሮው ጀርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ድረስ ከፍቶ ዝገቱን አጽድቶ መጠገን ነው። አሉኮቦንድ፣ ማለትም የአሉሚኒየም ሽፋን፣ ማልበስ መድኃኒት አይደለም፤ ለመስቀያው በየሜትሩ አርማታውን ይበሱታል፣ ከዚያ በኋላ ስንጥቁን የሚያይ ዓይን አይኖርም። የአፍሪካ አዳራሽ፣ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል እንደያዘ፣ መልኩ ሳይለወጥ መታደሱ እንደሚቻል ያሳያል።

ቤቶቹ እዚህ ደረጃ የደረሱበት ሥር ግን ከዕቃው ይሰፋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ለመንግሥት ሲሆኑ አንድ ቤተሰብ የኖረበት ቤት ለስምንትና ለአሥር አባወራ ተከፋፈለ። የኪራዩ ገንዘብ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም ነበር። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ፣ አከራዩ በጀት ስለሌለው፣ አሸንዳው ሲቀደድ የሚቀይር ጠፋ። በረንዳው ኩሽና ሆነ። ነዋሪዎቹን መውቀስ ግፍ ነው፤ ብዙ ቤቶች እስካሁን የቆዩት እነሱ በየክረምቱ ላስቲክና ጭቃ እያቀበሉ ስላቆዩአቸው ነው።

ዛሬ ገንዘብ ሲገኝ የሚበላሸው ውሉ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና ቅድሚያ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ፈቃዱ ተገኝቶም የሥራ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ለኮንዶሚኒየም የሚጻፈው ነው፤ «የሲሚንቶ ልስን፣ በካሬ ሜትር ይህን ያህል»። ኖራ የሚል መስመር የለም፣ ስለዚህ የሥራ ተቋራጩ በኖራ ቢሠራ ክፍያ አያገኝም። ጊዜውም ተገልብጧል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ግዢው ሲንከባለል ከርሞ ገንዘቡ እንዳይመለስ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሥራው ይጣደፋል፤ ልክ ዝናቡ ሲመጣ።

ስለዚህ ውል የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችና የግል ባለቤቶች ቢያንስ እነዚህን እንዲጽፉ እንለምናለን። ሲሚንቶ በጭቃና በኖራ ግድግዳ ላይ እንዳይነካ በግልጽ ይከልከል። የኖራ ልስንና የኖራ ቅብ የራሳቸው መስመርና ዋጋ ይኑራቸው። ተቋራጩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ካሬ ሜትር ናሙና ግድግዳው ላይ ሠርቶ ያሳይ፣ ያ ናሙና እስከ ርክክብ ይቆይ። ሲጨረስም የነዳፊው፣ የአሠሪውና የታወቁት ግንበኞችና አናጢዎች ሁሉ ስም፣ የአሁኖቹን ጠጋኞች ጨምሮ፣ በር ላይ በድንጋይ ይጻፍ። የክፍያው መርሐ ግብርም በሁለት ይከፈል፤ ለጣሪያ፣ ለአሸንዳና ለኖራ ግዢ አንድ፣ ለልስን ሌላ። ኖራው ሐምሌ ላይ ጠፍቶ ጉድጓድ ከገባ፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ለለሳኙ ይደርሳል።

በጥንታዊ ቤቶች ጥገና ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ